አበባ ያላቸው ዕፀዋት ዝምድናቸው እንዴት ይታወቃል?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል ባለው አገር የሚገኝ የገበሬ ጓሮ ከሩቅ ሲታይ ከደን አይለይም። ከላይ ረጃጅም ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከጥላው ሥር ቡና በቅሏል፤ በቡናው መካከል፣ እርጥበት በሚበዛበት ቦታ፣ ኮረሪማ ይታያል። ወደ ቤቱ ሲቀርቡ እንሰትና ሙዝ ሰፋፊ ቅጠላቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። ከዚያም ወዲህ ዝንጅብል፣ እርድና ጎደሬ፣ በአንዱም ዛፍ ግንድ ላይ የተጠመጠመ የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ይገኛል። የአካባቢው ልጆች ከሆናችሁ ይህን ሁሉ በየስሙ ትጠሩታላችሁ፤ ካልሆናችሁም ግማሹን ከገበያ ታውቁታላችሁ። አሁን አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ፣ «እነዚህን ዕፀዋት በየዝምድናቸው ለዩልኝ» ቢላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ይህን የመሰለ ጥያቄ ለብዙ ክፍሎች አቅርቤ ነበር። መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ነው። ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚለዩት በጥቅም ነው፤ ቡና ለመጠጥ፣ እንሰትና ጎደሬ ለምግብ፣ ኮረሪማና ዝንጅብል ለቅመም ይባላሉ። ይህ አመዳደብ ስሕተት አይደለም፤ ነጋዴውም ሆነ ወጥ ሠሪው ያለ እርሱ ሥራውን ማከናወን አይችልም። ነገር ግን ምደባው የሚነግረን ስለ ተክሉ ሳይሆን ስለ ተጠቃሚው ነው። ዝንጅብል በወጥ ውስጥ ሲገባ ቅመም፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሲፈላ ደግሞ መድኃኒት ይሆናል። ተክሉ ሳይለወጥ ምድቡ ተለወጠ ማለት ነው።

ሌሎች ተማሪዎች በቁመትና በመልክ ይለያሉ። ይህም ጥንታዊ መንገድ ነው። ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ግሪካዊው ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ዕፀዋትን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ለስላሳ ተክል እያለ ይከፋፍል ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሙዝ ዘንድ ሲደርስ ይቸገራል። ሙዝ እንደ ዛፍ ይቆማል፤ ነገር ግን ግንድ መስሎ የሚታየው ነገር እንጨት አይደለም። በቢላዋ ቢቆርጡት እርስ በርሳቸው የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ሆነው ይገኛሉ። እንግዲህ ሙዝ ዛፍ ነው ወይስ ትልቅ ሣር መሰል ተክል?

ሦስተኞቹ ደግሞ ስምን ይከተላሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው። «በርበሬ» እና «ቁንዶ በርበሬ» በስም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያቃጥላሉ፤ በገበያም ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ዝምድና ግን የላቸውም። በርበሬ ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም የመጣ፣ ከድንችና ከቲማቲም የሚዛመድ ተክል ነው። ቁንዶ በርበሬ የሕንድ አገር ሐረግ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጥምዝ ነው። ስሙን የሰጠነው እኛ ነን፤ ዝምድናው ግን ከስሙ በፊት የነበረ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አራት ቃላትን እንወቅ። እርስ በርሱ ተዳቅሎ መሰሉን የሚተካ ዐይነት ዝርያ ይባላል። ተቀራራቢ ዝርያዎች ተሰብስበው ወገን፣ ተቀራራቢ ወገኖች ተሰብስበው አስተኔ፣ አስተኔዎችም ተሰብስበው ክፍለ መደብ ይሆናሉ። ቀበሌ በወረዳ፣ ወረዳም በዞን ውስጥ እንደሚገኝ ሁሉ አንዱ በሌላው ውስጥ ይካተታል። «አስተኔ» ለሚለው ቃል ብዙ ሰዎች «ቤተሰብ» ይሉታል። ቃሉ ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ቤተሰብ በአንድ ቤት አብሮ የሚኖረውን ሁሉ፣ የሥጋ ዘመድ ያልሆነውንም ጭምር ስለሚያመለክት፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻዋል። እኛ የምንፈልገው አብሮ መኖርን ሳይሆን ከአንድ ግንድ መወለድን ነው።

የዝምድናን ምልክት ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ለመረዳት የቡናን ታሪክ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የቡና ተክል በአውሮፓ የአትክልት ሥፍራዎች በመስተዋት ቤት ውስጥ ማደግ ጀምሮ ነበር። አንቷን ደ ዡስዩ የተባለው ፈረንሳዊ የዕፀዋት ተመራማሪ አበባውን ተመልክቶ ተክሉን «የዐረብ ጃስሚን» ብሎ ሰየመው። ጃስሚን ማለት በአገራችን ጠምበለል የምንለው ወገን ነው። በሰውየው መፍረድ አይቻልም። የቡና አበባ ሲፈነዳ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ አበባው ነጭ ነው፤ ሥሩ እንደ ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ እንደ ኮከብ ነው፤ መዓዛውም ከሩቅ ይጣራል። የጠምበለል አበባም ይህንኑ ይመስላል።

ነገር ግን ሁለቱን አበቦች በእጃችሁ ይዛችሁ በምላጭ ብትሰነጥቋቸው ልዩነታቸው ይገለጣል። በጠምበለል አበባ ውስጥ ብናኝ የሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በቡና አበባ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አምስት ይገኛሉ። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። በጠምበለል ዘንድ ወደ ፊት ፍሬ የሚሆነው ክፍል ከአበባው ቅጠሎች በላይ፣ በአበባው ውስጥ ተቀምጧል። በቡና ዘንድ ግን ከአበባው ቅጠሎች በታች ይገኛል፤ አበባው በፍሬው ዐናት ላይ የተሰካ ይመስላል። የደረቀ አበባ ከረገፈ በኋላ በቡናው ፍሬ ጫፍ ላይ የምትቀረዋ ትንሽ ክብ ጠባሳ የዚህ ምስክር ናት። በሚቀጥለው የቡና ለቀማ ጊዜ ተመልከቷት።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔ ቡናን ከጃስሚን ለይቶ ራሱን የቻለ ወገን አደረገው፤ በ1753 ባሳተመው የዕፀዋት ዝርያዎች መጽሐፍም ኮፊያ አራቢካ ብሎ ሰየመው። በሁለት ቃል የመሰየም ልማድ በዕፀዋት ዘንድ የጸናው ከዚህ መጽሐፍ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። በእኛ ልማድ የልጅ ስም ይቀድማል፣ የአባት ስም ይከተላል፤ በዚህ አሰያየም ግን የወል የሆነው የወገን ስም ፊት ይመጣል። «አራቢካ» የሚለው ቃል ግን የተክሉን አገር አይገልጽም። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለ ነበረ የተሰጠ ስም ነው፤ ዝርያው በተፈጥሮ የሚበቅለውና የዘሩ ብዛት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ስም አንዴ ከጸደቀ በኋላ ስላልተስማማን ብቻ አይለወጥም፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ የሚያስቆጭ ሕግ ነው።

ሊኔ በስያሜው የተመሰገነውን ያህል በአመዳደቡ አልተሳካለትም። እርሱ ዕፀዋትን በሃያ አራት መደቦች የከፈለው በዋናነት በአበባ ውስጥ ያሉትን ብናኝ ያዥ ዘንጎች በመቍጠር ነበር። ዘዴው ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ቈጠራ የሚችል ሁሉ ይመድባል። ውጤቱ ግን የሚያስገርም ሆነ። አምስት ዘንግ ስላላቸው ቡናና በርበሬ አንድ መደብ ውስጥ ገቡ። ሁለት ዘንግ ባላቸው መደብ ውስጥ ደግሞ ቁንዶ በርበሬና ጃስሚን ተገናኙ። ዝንጅብልና ሙዝ፣ ኋላ እንደምናየው የቅርብ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ተለያይተው ተቀመጡ። አንድን ምልክት ብቻ ይዞ መመደብ፣ ሰዎችን በጫማ ቍጥራቸው ዘመድ ከማድረግ አይለይም። ሊኔ ራሱም ይህ አመዳደብ ለጊዜው የሚያገለግል እንጂ ተፈጥሮአዊ አለመሆኑን ያውቅ ነበር።

ከዚህ ስሕተት የወጣውን መንገድ ያመለከተው፣ ቡናን ጃስሚን ያለው የዚያው የአንቷን ደ ዡስዩ የወንድም ልጅ፣ አንቷን ሎራን ደ ዡስዩ መሆኑ የታሪክ ጨዋታ ይመስላል። በ1789 ባወጣው መጽሐፍ አንድን ምልክት ብቻ ሳይሆን ብዙ ምልክቶችን በአንድነት ማየት፣ ከነዚህም መካከል የጸናውን ከተለዋዋጩ መለየት እንደሚገባ አስረዳ። የቅጠል መጠንና የአበባ ቀለም በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለዋወጣሉ፤ የፍሬው አቀማመጥና የዘሩ አሠራር ግን በቀላሉ አይለወጡም። በዚህ ሚዛን የቡና አስተኔ ተለይቶ ታወቀ።

የቡናን አስተኔ ምልክት ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ የቡና ቅርንጫፍ ያዙ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። በሁለቱ ቅጠሎች እግር መካከል፣ በግንዱ በግራና በቀኝ፣ ሦስት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ሽፋን ትታያለች። ፊት ለፊት የቆሙ ቅጠሎች፣ በመካከላቸው ይህች ሽፋን፣ ከአበባ በታች የተቀመጠ ፍሬ፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ተክሉ የቡና ዘመድ ነው ለማለት ይቻላል። ከ13,000 በላይ ዝርያዎች በዚህ አስተኔ ውስጥ ይቈጠራሉ። በከተማ ጓሮ ለመዓዛው የሚተከለው ጋርዴኒያ ከነዚህ አንዱ ነው። ከወባ መድኃኒቶች ቀደምት የሆነው ኪኒን የሚገኝበት የደቡብ አሜሪካ ዛፍም ሌላው ነው፤ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ተነሥተን ነው። በእርሻ ውስጥ በልብስ ላይ እየተጣበቁ ከሚያስቸግሩትና አሽክት ከሚባሉት አረሞች አንዱም የዚሁ አስተኔ አባል ነው። ዛፍና አረም፣ መጠጥና መድኃኒት በአንድ አስተኔ ተሰበሰቡ። በአንጻሩ ጠምበለል ቡናን ጥሎ የሚዛመደው ከወይራ ጋር ነው፤ የወይራ አበባም ሁለት ብናኝ ያዥ ዘንጎች አሉት።

እንዲህ ያለው መመሳሰል ለምን እንደሚገኝ ዡስዩ አላስረዳም። ምክንያቱን የሰጠው ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ነው፤ ዕፀዋቱ የሚመሳሰሉት ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ ስለ ወረዱ ነው አለ። ከዚህ በኋላ ምደባ የመልክ መዝገብ መሆኑ ቀርቶ የትውልድ ሐረግ ሆነ። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ እየተነበበ ሐረጉ ይታረማል። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ አመዳደብ አበባ ያላቸውን ዕፀዋት በ64 ክፍለ መደቦችና በ416 አስተኔዎች አስቀምጧቸዋል። በአገራችንም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጻሕፍት ዝግጅት በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጾች ተጠናቋል፤ ደርቀው በወረቀት ላይ የተለጠፉት የምስክር ናሙናዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርባሪየም ይጠበቃሉ።

ስለ ቡና ዲኤንኤው የገለጠው ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ብዙዎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ኮፊያ አራቢካ ግን 44 አለው። ምክንያቱ አራቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተወለደ መሆኑ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ሮቡስታ በሚል የገበያ ስም የሚታወቀው ዝርያ ሲሆን፣ ሌላው በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ደጋዎች የሚገኝ ዩጂኒዮይደስ የሚባል ነው። እንግዲህ የትውልድ ሐረግ ሁልጊዜ እየተለያየ ብቻ አይሄድም፤ አልፎ አልፎ ሁለት ቅርንጫፎች ተመልሰው ይገናኛሉ።

አሁን ከቡናው ሥር ወዳለው ኮረሪማ እንውረድ። ኮረሪማ ረጃጅም ቅጠላማ ዘንጎቹን ወደ ላይ ያወጣል፤ አበባውን ግን በዘንጉ ጫፍ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። አበባው የሚወጣው ከመሬት አጠገብ፣ በመሬት ውስጥ ከሚሄደው ግንድ ነው። ኋላም ቀይ ፍሬ ይሆናል፤ ፍሬው ተበስቶ በገመድ እየተሰካ ይደርቃል፤ በውስጡም መዓዛ ያላቸው ብዙ ጥቃቅን ዘሮች አሉ። የኮረሪማን፣ የዝንጅብልን፣ የእርድንና የሄልን ቅጠል በየተራ አሽታችሁ አሽትቱ፤ ሁሉም ይሸታሉ፤ መዓዛቸው የተለያየ ቢሆንም መዓዛማ ዘይት በአካላቸው መያዛቸው አንድ ያደርጋቸዋል። በአበባቸው ውስጥ ደግሞ ብናኝ የሚይዘው ዘንግ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ዘንጎች ብናኝ መያዝ ትተው፣ ከፊሎቹ ተዋሕደው እንደ ከንፈር የተዘረጋ የአበባ ቅጠል መስለዋል። ይህ በቀላሉ የማይገኝ፣ የጸና ምልክት ስለ ሆነ አራቱንም ከዝንጅብል አስተኔ ያስመድባቸዋል።

በአስተኔው ውስጥም መቀራረብና መራራቅ አለ። ኮረሪማ ይበልጥ የሚቀርበው ከሄል ጋር ሲሆን፣ ዝንጅብል ይበልጥ የሚቀርበው ከእርድ ጋር ነው። ወጥ ቤትም ሳያውቀው ይህን ተከትሏል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የምንጠቀመው ዘሩን፣ ከኋለኞቹ ሁለት ግን በመሬት ውስጥ ያለውን ግንድ ነው። ኮረሪማ በ1848 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው አሞሙም ከሚባለው የእስያ ወገን ተቈጥሮ ነበር። በ1904 የአፍሪካዎቹ ተለይተው አፍራሞሙም የተባለ የራሳቸው ወገን ተመሠረተላቸው፤ ኮረሪማም በ1981 በስም ጭምር ወደዚሁ ወገን ተዛወረ፤ አፍራሞሙም ኮሮሪማ ተባለ። ቡና «የዐረብ» ተብሎ ሲቀር፣ ኮረሪማ ግን የአገሩን ስም እንደ ያዘ ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ኮረሪማን፣ ዝንጅብልን፣ እርድን፣ ሄልንና ቁንዶ በርበሬን በአንድነት የሚያጠናው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ቁንዶ በርበሬ ከነዚህ መካከል የተገኘው በቅመምነቱ እንጂ በዝምድናው አይደለም፤ ሁለቱ የአመዳደብ መንገዶች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለድርሰት የሚጠቅም ነገር ጣልቃ ላስገባ። «ኮረሪማ ማለት ወጥ የሚያጣፍጥ ነገር ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ውሸት አልጻፈም፤ ግን አልመደበም። ጨውም ወጥ ያጣፍጣል። የሚመድብ ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገሮችን ይናገራል፤ ነገሩ ከየትኛው ክፍል እንደሚገባና በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት በምን እንደሚለይ። «ኮረሪማ አበባውን ከመሬት አጠገብ የሚያወጣ፣ ቀይ ፍሬ የሚያፈራ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በተፈጥሮ የሚበቅል፣ ከዝንጅብል አስተኔ የሆነ ተክል ነው» ሲባል አንባቢው ተክሉን ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። በአማርኛ የሚለዩት ሐረጎች «የሚያወጣ፣ የሚያፈራ፣ የሚበቅል» እያሉ ከፊት ይደረደራሉ፤ የክፍሉ ስም ግን በመጨረሻ፣ ከ«ነው» በፊት ይመጣል። ሐረጎቹ ከአራት ከበለጡ ግን አንባቢው ስሙን እስኪያገኝ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት።

ከአስተኔ በላይ ክፍለ መደብ እንዳለ ተናግረናል። ዝንጅብልና ሙዝ የሚገናኙት በዚህ ደረጃ ነው። ቅጠላቸው ከመዘርጋቱ በፊት እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ በመካከሉ ወፍራም ዐጽቅ ያልፋል፤ ከዐጽቁም ጥቃቅን ሥሮች ጎን ለጎን ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ የሙዝ ቅጠል በነፋስ እንደ ጨርቅ የሚተረተረው በነዚሁ መካከል ነው። አበባቸውንም ብንመረምር አንድ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነገር እናገኛለን። በሙዝና በእንሰት ብናኝ የሚይዙት ዘንጎች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ናቸው፤ በዝንጅብል አስተኔ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ በከተማ አደባባይ ቀይና ቢጫ ሆኖ በሚታየው ካና ዘንድ ያ አንዱም ግማሹ ብቻ ብናኝ ይይዛል። የጥንቱ አበባ ስድስት ዘንጎች እንደ ነበሩት ይገመታል። ቍጥሩ ብቻውን ሊኔን አሳሳተው፤ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ሲታይ ግን የዚህን ክፍለ መደብ ታሪክ ይነግራል። ክፍለ መደቡ በጠቅላላው ስምንት አስተኔዎች አሉት።

ስለ እንሰትና ሙዝ የተደረገው ክርክር ደግሞ ከ150 ዓመት በላይ ወስዷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የእንሰትን ሥዕል አወጣ፤ ተክሉ ሙዝ እንዳልሆነም ተከራከረ። ሥዕሉን ብቻ ያዩት የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በማግሥቱ፣ በ1791፣ ከሙዝ ወገን መደቡት። በ1862 ሆራኒኖቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ እንሰትን ለብቻው ወገን ቢያደርገውም ብዙ ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻ በ1947 ቺዝማን የተባለው ተመራማሪ ነገሩን እንደገና መርምሮ እንሰትን ከሙዝ ለየው፤ የወገኑም ስም በአማርኛው እንሰት ጸና። ሁለቱ በአንድ አስተኔ ውስጥ ያሉ ሁለት ወገኖች ናቸው።

ይህን የእንሰት ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ ገና በጥዋቱ ይናገር ነበር። ሙዝ በራሱ ጊዜ ከሥሩ ችግኝ ያወጣል፤ እንሰት ግን በተለመደው ሁኔታ አያወጣም፤ ገበሬው ሥሩን ቆርጦ የመካከሉን ቡቃያ ካላጠፋው በስተቀር። የእንሰት ግርጌ ያበጠ ነው፤ የሙዝ አይደለም። የእንሰት ፍሬ በትላልቅ ጠንካራ ዘሮች የተሞላና ለመብል የማይመች ነው። በክሮሞሶምም የእንሰት መሠረታዊ ቍጥር 9 ሲሆን በገበያ የምናውቀው ሙዝ 11 ነው። ብሩስ ያየው በቦታው ተገኝቶ ስለ ነበረ፣ ተሳስቶ ሳይሆን ሳይታመን ቀረ።

«ይህ ሁሉ የስም ጉዳይ ነው፤ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ሳያነሡ ቀርተው አያውቁም። መልሱን የሚሰጠው የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ እንሰት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ ለዓመታት የተጠበቀው ምግብ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በሽታው በባክቴሪያ መነሻነት የሚመጣ መሆኑን ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ገለጹ። በ1974 ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች ያው ባክቴሪያ ሙዝን ማጠውለጉን አስታወቁ፤ የታየውም በዚያን ጊዜው ከፋ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ሚዛን ተፈሪም በዚሁ ክፍለ ሀገር ውስጥ ትገኝ ነበር። እንሰትና ሙዝ ሁለት ወገን ቢሆኑም አስተኔያቸው አንድ ነውና ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አልተቸገረም። በ2001 በሽታው በዩጋንዳ በሙዝ እርሻዎች ላይ ተገኘ፤ ሙዝ ዋነኛ ምግቡ በሆነ አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ስለሆነም በአንድ ጓሮ ውስጥ እንሰቱ የታመመበት ሰው፣ በዚያው ቢላዋ አጠገቡ ያለውን ሙዝ ባይነካ ይበጀዋል። ቢላዋው በእሳት ከተለበለበ በኋላ ነው ወደ ሌላው ተክል መሄድ ያለበት። ቡናውን ግን በዚህ ባክቴሪያ ምክንያት መፍራት አይኖርበትም፤ ከእንሰት እጅግ የራቀ ነውና።

ይሁን እንጂ ዝምድና ሁሉን አይነግርም። በ2012 ገደማ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ የዝንጅብል ማሳዎች በሌላ አጠውላጊ በሽታ ክፉኛ ተመቱ፤ ብዙ ገበሬዎች ዋና የገበያ ሰብላቸውን አጡ። የዚህ በሽታ መነሻ የሆነው የባክቴሪያ ወገን ድንችንና ቲማቲምንም ያጠቃል። ድንችና ቲማቲም ደግሞ ለዝንጅብል ባዕድ ናቸው። ዝንጅብል በዘር ፍሬ ሳይሆን የመሬት ውስጥ ግንዱ እየተቆራረጠ ስለሚተከል፣ ጤናማ የሚመስል ግን የታመመ ቁራጭ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወር በሽታውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ገበሬው ሊጠይቅ የሚገባው የተክሉን ዘመዶች ሳይሆን፣ የሚተክለው ቁራጭ ከማን ማሳ እንደ መጣ ነው።